በጀማ ሸለቆ አንድ ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍ ማድማት፦ የሦስት በጋ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ፣ በአንድ ቀበሌ የወል ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍን እያደማ፣ ማለትም ልጡን እያቆሰለ፣ ዕጣን ለማምረት የተደራጀ የወጣቶች ማኅበር ያለፈባቸውን ሦስት በጋዎች ነው። ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ ያጠናሁት አይደለም። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ እሠራ ስለነበር፣ ማኅበሩ ፈቃድ ሲጠይቅ ቦታውን አይቼ የድጋፍ አስተያየቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኋላ ከደረሰው ጉዳት አብዛኛው የመነጨው በዚያ አስተያየት ውስጥ ሳይጻፍ ከቀረው ነገር እንደሆነ ስለማምን፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስፈር ይገባኛል። የቀበሌውንና የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ፤ ጉዳዩን ለመረዳት ስማቸው አያስፈልግምና።

ከሙከጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ፣ መንገዱ ከደጋው ጫፍ ወደ ጀማ ድልድይ መጠምዘዝ ሲጀምር የአየሩ መለወጥ ወዲያው ይታወቀዋል። ከላይ ያለው ሜዳ የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ ከታች ማሽላና ፍየል ይበዛል። በገደሉና በወንዙ መካከል ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ አፈሩ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ ሌላ ዛፍ በማይቆምበት ቦታ፣ የዕጣን ዛፍ ይቆማል። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ሲሆን የሁለተኛው ቃል ትርጉም «ወረቀት ተሸካሚ» ማለት ነው፤ ልጡ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ የሚረግፍ ስለሆነ ስሙ በትክክል ይገልጸዋል። ቅጠሉን የሚያወጣው በክረምት ብቻ ነው። ከጥቅምት በኋላ ራቁቱን ይቆማል፣ በዚያው በራቁትነቱ ወራት ያብባል፣ ያፈራልም። ይህ ጠባዩ ለሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ በመሆኑ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ከማኅበሩ በፊት በዚያ ተዳፋት ላይ ዕጣን ለገበያ አይመረትም ነበር። እረኞች ቅርንጫፍ በተሰበረበት ወይም ልጥ በተላጠበት ቦታ ደርቆ ያገኙትን እየለቀሙ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡ፣ ወይም እናቶቻቸው ለቡና ማጨሻ እንዲያደርጉት ወደ ቤት ይወስዱ ነበር። ዛፉ ይበልጥ የሚታወቀው ለፍየል በሚቆረጠው ቅጠሉና ለንብ በሚሰጠው አበባው ነው። ሌላው ዕፅ በአብዛኛው ደርቆ በሚቆምበት ወቅት የሚያብብ በመሆኑ፣ በአካባቢው ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች የበጋውን ማር ከእርሱ ነበር የሚጠብቁት።

ሥራውን ያመጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው። መተማ በረሃ ወርደው ለሁለት ወቅት በዕጣን ለቀማ ሠርተው ሲመለሱ፣ በልጅነታቸው ፍየል ሲጠብቁ ያረፉበት ዛፍ እዚያ ሲያደሙት የከረሙት ዛፍ ራሱ እንደሆነ አወቁ። አሥራ አራት ሆነው ተደራጁ፤ ቀበሌው የወል መሬቱን በቃል ፈቀደ፤ እኔም በአራት መስመር የሚያልቅ አስተያየት ጻፍኩ። ዛፉ በበቂ መጠን እንዳለ፣ ወጣቶቹ ልምድ እንዳላቸው፣ ሥራው ዛፍ እንደማያስቆርጥና ስለዚህ ለደን ጥበቃ እንደሚስማማ ይገልጻል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዛሬም ይጸጽተኛል። ዛፍ አለመቁረጥና ዛፍ አለመጉዳት አንድ አይደሉም። ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ስንት ዛፍ እንደሚደማ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ስንት ቁስል እንደሚከፈት፣ ዛፉ መቼ እንደሚያርፍ የሚናገር አንድም ቃል አልነበረበትም።

የማድማቱ አሠራር እንዲህ ነው። ዝናቡ ካቆመና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ ወይም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ለቃሚው መንጋፍ በሚባለው አጭር ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ላይ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ ልጥ ይፍቃል። የመጀመሪያው ቁስል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ጥልቀቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቁስሉ የሚወጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ በአየርና በፀሐይ እየደረቀ እንባ የመሰለ ፍሬ ይሠራል። ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ለቃሚው ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል በጥቂቱ ያድሰዋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ግንቦት ድረስ ከ8 እስከ 12 ዙር ይመላለሳል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚሰጡት ጥቂት ነው፤ ከዚያ ምርቱ እያደገ ሄዶ ከ7ኛው ዙር በኋላ ይቀንሳል። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ ግራም አይሞላም።

ዕጣኑ የሚከማቸው በውስጠኛው ልጥ ውስጥ እንደ መረብ በተሳሰሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። በዚህ ምክንያት ቁስሉ ልጡን አልፎ እንጨቱን መንካት የለበትም። እንጨቱን ከነካ፣ በልጡና በእንጨቱ መካከል ያለውና አዲስ ልጥ የሚያመነጨው ስስ ክፍል ይሞታል፣ ቁስሉም ሳይድን ዓመታት ይቆያል። መተማ የሠሩት ሁለቱ ወጣቶች ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ግን አያውቁም፤ መንጋፍም አልደረሳቸውም። ብዙዎቹ በመጥረቢያና በገጀራ ሠሩ።

በመጀመሪያው በጋ ሌላም ነገር ተጨመረ። ከከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ ማኅበሩ ገንዘብ እንደሌለው ተረድቶ ለምግብና ለማዳበሪያ ጆንያ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ሰጠ፤ ዕዳው በኪሎ የሚመለስ ነበር። ውሉ ስለ ጥራት የሚለው ነገር የለም፤ የሚቆጥረው ክብደት ብቻ ነው። አንድ ለቃሚ ዕዳውን በኪሎ የሚከፍል ከሆነ ቀላሉ መንገድ ቁስል መጨመር መሆኑ ግልጽ ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ተዳፋቱን ስወጣ፣ ጎልማሳ ሰው በሁለት እጁ በሚያቅፈው ግንድ ላይ ከ20 የሚበልጥ ቁስል ቆጠርኩ። ገና የክንድ ውፍረት ባላቸው ዛፎች ላይ እንኳ በአራቱም ማዕዘን ተፍቆ ነበር። ወጣቶቹን ተቆጣሁ፤ ነገር ግን በእጄ የማሳያቸው አንድም የተጻፈ ገደብ አልነበረም።

ጉዳቱን አስቀድሞ ያየው ባለሙያ አልነበረም። በተዳፋቱ ግርጌ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አዛውንት በሁለተኛው በጋ፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ ቢሮ ድረስ መጡ። ማኅበሩን ለመክሰስ እንዳልመጡ፣ ከወጣቶቹ አንዱ የእኅታቸው ልጅ እንደሆነ አስቀድመው ነገሩኝ። ከዚያም «ልጄ፣ እናንተ ግንዱን ነው የምታዩት፤ እኔ የማየው አናቱን ነው። አናቱ ዘንድሮ አላበበም» አሉኝ። እንደ እርሳቸው አባባል ያልተነካው የገደል ጫፍ ዛፍ እንደወትሮው አብቧል፣ የደማው ግን እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ ብቻ ይዞ ቆሟል፤ ቀፏቸው ቀሏል፤ ከሁለቱ ቀፎ ንቡ ተሰዷል። አብሬአቸው ሄጄ አየሁ፤ የተናገሩት ልክ ነበር።

ነገሩ የሚገርም አይደለም፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዛፉ በበጋ ቅጠል ስለሌለው ምግብ አይሠራም፤ አበባውንም፣ ፍሬውንም፣ ቁስሉን ለመዝጋት የሚያወጣውን ዕጣንም የሚከፍለው በክረምት ካጠራቀመው ስንቅ ነው። ከአንድ ጎተራ ሦስት ወጪ እንደማለት ነው። ዕጣኑ ብዙ በተወሰደ ቁጥር ለአበባና ለፍሬ የሚተርፈው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በኤርትራ የተካሄደ አንድ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፦ ካልደሙ ዛፎች የተሰበሰበ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ክፉኛ ከደሙ ዛፎች የተሰበሰበው የበቀለው 16 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዛውንቱ በቀፏቸው ክብደት ያወቁት ነገር ጥናቱ በዘር ቆጠራ ከደረሰበት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሳቸው የሚነግሩት ሰው ለማግኘት ሩብ ቀን በእግር መጓዝ የነበረባቸው መሆኑ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ተዳፋቱን በሌላ ዓይን መመልከት ጀመርኩ። ያየሁት ከቁስሉም የባሰ ነበር። ትልልቅ ዛፍ አለ፤ በክረምት ሣር ውስጥ ስፈልግ ጣት የማያህል ቡቃያም አገኛለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ከሰው ወገብ የሚደርስ ወይም እጀታ የሚያህል ዛፍ ግን የለም። ቡቃያው በበጋ ከላይ ይደርቃል፣ በክረምት ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ እንዲህ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በዚህ መካከል ፍየል ይበላዋል ወይም ለግጦሽ ሣር ተብሎ የሚለቀቀው እሳት ያቃጥለዋል። ይህ ደግሞ የማኅበሩ ጥፋት አይደለም፤ ከማኅበሩ በፊት ከአሥርት ዓመታት ጀምሮ የቆየ ነው። የእኛ ተዳፋት ብቻም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ሥፍራዎችን ያየ ጥናት፣ ከሥፍራዎቹ በሦስት አራተኛው ለጋ ዛፎች እንደሌሉ አሳይቶ፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። በመተማ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናትም የዛፉ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊወርድ እንደሚችል አስልቶ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ እነዚህ ጥናቶች ማድማትን ብቸኛ ምክንያት አለማድረጋቸው ነው፤ እሳት፣ ግጦሽና ግንድ ሰርሳሪ ጢንዚዛ አብረው ይጠቀሳሉ።

ጢንዚዛውም በሁለተኛው በጋ መጣ፣ ወይም ያኔ አየነው። እንጨቱ በተነካባቸው ግንዶች ላይ ክብ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ታየ። በየካቲት ነፋስ በርከት ያሉ ዛፎች ወደቁ፤ ሲከፈሉ ውስጣቸው ተቦርቡሮ ነበር። በዚያው ወቅት ማኅበሩ ከመጀመሪያው ዓመት የበለጠ ቁስል ከፍቶ ያነሰ ምርት አገኘ። የነጋዴው ዕዳ ግን እንዳለ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው በመጋቢት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለ ጥላ ሥር ነው። ማኅበሩ፣ የፍየል ባለቤቶች፣ ቀፎ ሰቃዮች፣ የቀበሌው አስተዳዳሪዎችና ዕጣኑን በደረጃ የሚለዩት ሴቶች ተገኙ። ረጅም ሰዓት የወሰደው ስለ ቁስል ቁጥር አልነበረም፤ መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። ማኅበሩ ፈቃድ አለን ይላል፣ የፍየል ባለቤቶች አባቶቻችን የሰማሩበት ነው ይላሉ፣ ቀበሌው የወል ነው ይላል። ዛፉ የሁሉም ስለነበረ ዛሬ ያላደማሁትን ነገ ሌላው ያደማዋል የሚል ስጋት በእያንዳንዱ ወጣት ልብ ነበር፤ ይህ ስጋት ከስግብግብነት ይልቅ ብዙ ቁስል እንደከፈተ አምናለሁ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት የደን ባለቤትነትን ያውቃል፤ እኛ ግን ተዳፋቱን ከእነዚህ በየትኛው ሥር እንደሆነ ሳንወስን ነበር ሰው ያሰማራነው።

አንድ ወጣት ወደ ቀፎ ሰቃዩ አዛውንት ዞሮ «አባባ፣ እኛስ ምን እንብላ?» አላቸው። አዛውንቱ መልስ አልሰጡትም። የመለሱለት ለይተው የሚያጠሩት ሴቶች ናቸው። ለእነርሱ የሚከፈላቸው በለዩት ኪሎ ስለነበር ዕጣኑን ከማንም በላይ በዓይናቸው ያውቁታል። አንዲት እናት በጎናቸው ካለው ጆንያ ሁለት እፍኝ አውጥተው በነጠላቸው ላይ ዘረጉት፦ በአንድ በኩል ነጭ፣ ድፍን፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፤ በሌላ በኩል ከልጥና ከአፈር የተቀላቀለ፣ የጠቆረ ስብርባሪ። በመጀመሪያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአንድ ጆንያ ነጩ እንደሚበዛ፣ አሁን ግን ጥቁሩ እንደሚበዛ ተናገሩ። ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይወስዳል፤ ከተማ ሲያደርስ ግን በደረጃ ለይቶ እንደሚሸጥ በዚያ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥልቅ ቁስል፣ ሳይደርቅ የተለቀመ ዕጣን፣ በፕላስቲክ ታጭቆ የተቀመጠ ጆንያ፣ እነዚህ ሁሉ ነጩን ወደ ጥቁር ይለውጡታል። ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ማምረት ወይም መራብ አልነበረም፤ ነጩን ለይቶ በራስ እጅ መሸጥ የሚቻልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ንግግሩ ተለወጠ።

በስብሰባውና በተከታዮቹ ሁለት ስብሰባዎች ላይ የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው። ተዳፋቱ በሸንተረሮቹ ተለይቶ በሦስት ተከፈለ፤ በየዓመቱ አንዱ ክፍል ያርፋል። ከመዳፍ ስፋት የቀጠነ ግንድ አይነካም። ከዚያ ከሚበልጡት በቀጠነው ግንድ ላይ ከ6፣ በወፍራሙ ላይ ከ9 የሚበልጥ ቁስል አይከፈትም፤ 9 ቁጥር የተመረጠበት ምክንያት፣ በመተማ የተደረገ ምርምር ቁስሉን ከ9 በላይ ማብዛት ምርቱን ብዙም እንደማይጨምር ስላሳየ ነው። መጥረቢያና ገጀራ ተከለከሉ፤ ሁለቱ ልምድ ያላቸው ወጣቶች መንጋፍ ለሁሉም አስቀጥቅጠው የቀሩትን አሠለጠኑ። የሚያርፈው ክፍል ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሆናል፣ ሣሩ ታጭዶ ለፍየል ባለቤቶች ይሰጣል፣ በዙሪያውም የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረጋል።

ስለ ዕረፍቱ ያለኝን አስተያየት ሳልደብቅ ልጻፍ፦ ከሦስት ዓመት አንዱን ማረፍ አይበቃም። ክፉኛ የደማ ዛፍ ስንቁን ለመመለስ በተከታታይ ብዙ ዓመታት ያስፈልጉታል፤ እኔ የጠየቅሁትም ግማሹ ተዳፋት ለአራት ዓመት እንዲዘጋ ነበር። ማኅበሩ ይህን ሊሸከም አልቻለም፤ ሊሸከም የማይችለውን ደንብ ብናጸድቅ ደግሞ በሌሊት ይጣስ ነበር። የተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በጋ የሚለካው በሚዛን ብቻ ቢሆን ደካማ ነበር። የተለቀመው ከመጀመሪያው ዓመት በግልጽ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ዕጣኑ በሰሌን ላይ፣ በጥላ ሥር እንዲደርቅ ተደርጎ በአራት ደረጃ ተለየ። የመጀመሪያውን ደረጃ አብያተ ክርስቲያናትና የሰንበቴ ማኅበራት ገዙት፤ ሁለተኛውን ሴቶቹ በቅዳሜ ገበያ በስኒ እየሰፈሩ ለቡና ሸጡት፤ የቀረውን ለነጋዴው ሰጥተው ዕዳቸውን ዘጉ። በዚህ መንገድ የሚሸጠው መጠን ውስን ነው፤ የአካባቢው ገበያ የሚውጠው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ገቢው አልበቃ ብሏቸው ተመልሰው መተማ ወርደዋል። ይህን እንደ ማኅበሩ ውድቀት አልቆጥረውም፤ ተዳፋቱ አሥራ አራት ሰው የሚያኖር አልነበረም፣ ስንት ሰው እንደሚያኖርም በመጀመሪያው ቀን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

በቁርጥራጭ የማባዛቱ ሙከራ አጭር ታሪክ አለው። የዕጣን ዛፍ ከዘር ይልቅ ከወፍራም ቅርንጫፍ ቁራጭ ሊተከል እንደሚችል በምርምር ስለተረጋገጠ፣ ዝናብ ሳይጥል ቁራጮች በእርከኖቹ ላይ ተተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ አቆጠቆጡ፣ ፍየልም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨረሳቸው። ሁለተኛዎቹ በድንጋይ ካብ ውስጥ ተተክለው ሳየው ግማሽ ያህሉ አረንጓዴ ነበሩ። በተዘጋው ክፍል ከዘር የበቀሉት ቡቃያዎች ደግሞ በኅዳር ደረቁ፤ በሰኔ ከሥራቸው እንደገና ወጡ። እጀታ የሚያህል ዛፍ ሆነው እስኪታዩ ድረስ ያ ክፍል ከፍየልና ከእሳት ተጠብቆ መቆየት አለበት፤ ይህ ደግሞ ከማንኛችንም የሥራ ዘመን ይረዝማል።

የማኅበሩ ፈቃድ በሦስተኛው በጋ መጨረሻ ሲታደስ አራት መስመር አልነበረም። ወሰኑ በሸንተረርና በወንዝ ስም ተጽፏል፣ የቁስሉ ቁጥር በግንዱ ውፍረት ተዘርዝሯል፣ የሚያርፈው ክፍል በየዓመቱ ተለይቶ ሰፍሯል፣ ተዳፋቱም የማኅበረሰብ ደን እንዲሆን የቀረበው ጥያቄ ተያይዞበታል። አበባው በሚያብብበት ወቅት ተዳፋቱን ዞረው የሚያዩ ሦስት ሰዎች ተመርጠዋል፤ ከፊርማዎቹ በታች ከሦስቱ የአንደኛው፣ የቀፎ ሰቃዩ አዛውንት፣ የጣት አሻራ አለ።